የአንጎል ዕጢ ራዲዮሰርጀሪ ዕቅድ በኮምፒውተር፦ ከኤምአርአይ እስከ ጨረሩ፣ ደረጃ በደረጃ

ስክሪኑ ላይ ያለው ዕቅድ ያምራል። ዕጢው በቀይ ተከቧል። ቢጫው የጨረር መስመር በልኩ እንደተሰፋ ልብስ ገጥሞታል። ቁጥሮቹም ሁሉ አረንጓዴ ናቸው። ነገር ግን ኤምአርአዩ ከሲቲው ጋር ሲጣመር 2 ሚሊሜትር ተንሸራቶ ከነበረ ያ ሁሉ ማማር ዋጋ የለውም። ኮምፒውተሩ ይህን አያውቅም። ያሳያችሁትን ቦታ አሳምሮ ይመታል። ያሳያችሁት ቦታ ልክ ነው ወይ ብሎ ግን አይጠይቅም።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ወደ ሥራው አዲስ ለሚገቡ ሜዲካል ፊዚስቶች፣ የዕቅድ ባለሙያዎችና ሬዚደንት ሐኪሞች ነው። ቤተሰብ ታሞበት «ማስኩ (ጭንቅላት እንዳይንቀሳቀስ የሚይዘው ጭንብል) ከተሠራ በኋላ እነዚህ ሰዎች ምን ሲሠሩ ነው የሚቆዩት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰውም ቢያነበው አይከብደውም። የምጠቅሳቸው የመጠን ገደቦች በዘርፉ በስፋት የሚሠራባቸው ናቸው። የምትሠሩበት ማዕከል የራሱ ፕሮቶኮል ካለው ግን የሚገዛችሁ እሱ ነው።

ሥራው ምንድን ነው?

ራዲዮሰርጀሪ ስሙ ቀዶ ጥገና ቢመስልም ቢላ የለውም። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው ስዊድናዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ላርስ ሌክሴል ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከብዙ አቅጣጫ የሚመጡ ቀጫጭን ጨረሮች አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። እያንዳንዱ ጨረር ለብቻው ደካማ ስለሆነ በመንገዱ ያለውን አንጎል ብዙም አይጎዳም። የሚገናኙበት ቦታ ላይ ግን ተደማምረው ይበረታሉ።

በተለመደው የጨረር ሕክምና በቀን 2 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ገደማ እየተሰጠ ለሳምንታት ይቀጥላል። አንድ ቀን ትንሽ ብትስቱ ሌሎቹ ቀናት ያለሰልሱታል። እዚህ ግን 20 ግሬይ በአንድ ጊዜ ይሰጣል። ቢበዛ እስከ አምስት ጊዜ ይከፋፈላል። «ነገ አስተካክለዋለሁ» የሚባል ነገር የለም።

መሣሪያዎቹ በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ናቸው። ጋማ ናይፍ ከኮባልት 60 የሚወጣ ጨረር ይጠቀማል። አዳዲሶቹ ሞዴሎች 192 ምንጮችና 4፣ 8 እና 16 ሚሊሜትር የጨረር መውጫዎች አሏቸው። ሳይበርናይፍ ትንሽ አክስለሬተር (ጨረር የሚያመነጭ ማሽን) በሮቦት ክንድ ላይ የተሸከመ ነው። ሦስተኛው በብዙ የጨረር ክፍሎች የሚገኘው ሊኒያር አክስለሬተር (ሊናክ) ነው። የዕቅዱ አመክንዮ በሦስቱም ያው ስለሆነ እዚህ አብዛኛውን ምሳሌ ከሊናክ እወስዳለሁ፤ ሲለያዩ እናገራለሁ።

1. ከሶፍትዌሩ በፊት ታካሚውን እወቁ

ሶፍትዌሩን ከመክፈታችሁ በፊት ፋይሉን አንብቡ። ዕጢው ምንድን ነው? ከሌላ አካል የተሰራጨ ካንሰር ነው፣ ማኒንጂዮማ (ከአንጎል ሽፋን የሚነሳ ዕጢ) ነው ወይስ የመስማት ነርቭ ሽፋን ላይ የበቀለ ሽዋኖማ? ስንት ነው? ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል? ደም ማቅጠኛ ወይም ስቴሮይድ ይወስዳል?

ከሁሉም በላይ ግን ይህችን ጠይቁ፦ ጭንቅላቱ ላይ ከዚህ በፊት ጨረር ወስዷል ወይ? ወስዶ ከሆነ የድሮው ዕቅድ ከነዶዙ (ከነጨረር መጠኑ) ተፈልጎ መምጣት አለበት። «ወስጃለሁ መሰለኝ» የሚል መልስ ዕቅድ አይሠራበትም። የዕይታ ነርቭ ቀደም ብሎ የወሰደውን ጨረር ሙሉ በሙሉ አይረሳም።

2. ምስሎቹን በትክክል ማግኘት

ሁለት ምስል ያስፈልጋል። ሲቲው ጂኦሜትሪውን ይሰጣል፤ ኮምፒውተሩ ዶዙን የሚያሰላውም በእሱ ላይ ነው። ኤምአርአዩ ዕጢውን ያሳያል። አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ ነው። ጋማ ናይፍ ላይ በፍሬም (ራስ ቅሉ ላይ በሚታሰር ክፈፍ) የተነሳ ኤምአርአይ ብቻውን የሚያገለግልበት ጊዜ አለ። እሱ ግን የምስሉን መዛባት በጥንቃቄ የሚለካ ቡድን ይፈልጋል።

ሲቲው ታካሚው ማስኩን ወይም ፍሬሙን እንዳደረገ ይነሳል። የቁራጩ (የአንዱ የምስል ንጣፍ) ውፍረት 1 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ይሁን። ከአናት ጫፍ ጀምሮ ማስኩና ማጣቀሻ ምልክቶቹ ሙሉ በሙሉ መታየት አለባቸው። የአናቱ ጫፍ ተቆርጦ የቀረ ሲቲ ስንት ቀን እንዳባከነ እኔ ነኝ የማውቀው። ከላይ የሚመጣ ጨረር የሚገባበት ቦታ ምስል ላይ ከሌለ ኮምፒውተሩ ምኑን ያሰላል?

ኤምአርአዩ ባለ ሦስት አቅጣጫ ቲ1 (ቲ1 እና ቲ2 የኤምአርአይ ምስል ዓይነቶች ናቸው)፣ በጋዶሊኒየም (በደም ሥር በሚሰጥ ዕጢውን የሚያበራ ቀለም) የተደገፈ፣ በቁራጮቹ መካከል ክፍተት የሌለው፣ 1 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ይሁን። የመዛባት ማስተካከያው በሦስቱም አቅጣጫ መብራቱን ከኤምአርአይ ቴክኒሻኑ ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ። ከራስ ቅሉ ሥር ላለ ዕጢ ቀጫጭን ነርቮችን የሚያሳይ ጥራት ያለው ቲ2 ጨምሩ።

ዕድሜውንም እዩ። የተሰራጨ ካንሰር በፍጥነት ያድጋል። ቀዶ ጥገና የተደረገለት ክፍተት ደግሞ ይጨማደዳል፣ ቅርጹን ይቀይራል። ስለዚህ ብዙ ማዕከላት ከሕክምናው ቀን አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ያለፈው ኤምአርአይ ላይ አያቅዱም። ከወር በፊት የተነሳ ምስል ለምርመራ እንጂ ለዕቅድ አይሆንም። ታካሚው ድጋሚ መሄዱ ቢያሰለቸውም አስረዱት እንጂ አትዘኑለት።

3. ፊዩዥን፦ ብዙ ጣጣ የሚጀምርበት ቦታ

ፊዩዥን ማለት ኤምአርአዩንና ሲቲውን አንድ ላይ ማግጠም ነው። ሶፍትዌሩ ቁልፍ ተጭናችሁ በሰከንዶች ይጨርሰዋል። ጨርሶም «ተሳክቷል» ይላል። እመኑት፣ ግን አረጋግጡ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሁለቱን ምስሎች በእጅ በግምት አቀራርቡ። ከዚያ የማመሳሰያውን ሳጥን አንጎሉንና የራስ ቅሉን ብቻ እንዲይዝ አጥብቡት። አንገት፣ መንጋጋና ምላስ ውጭ ይቅሩ፤ እነሱ በሁለቱ ምስሎች መካከል ይንቀሳቀሳሉ። ከዚያ አውቶማቲኩን አስኬዱ። ማሽከርከርና ማንቀሳቀስ ብቻ እንጂ ምስሉን የሚለጥጥ ዘዴ አትጠቀሙ። የተለጠጠ ምስል ዕጢውንም ይለጥጠዋል።

አሁን ተንሸራታቹን መስኮት ክፈቱ፤ ግማሹ ሲቲ፣ ግማሹ ኤምአርአይ። በሦስቱም አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ ጎትቱት። የምታዩአቸው ቦታዎች የራስ ቅሉ ውስጠኛ ጠርዝ፣ የፈሳሽ ክፍተቶቹ (ቬንትሪክሎቹ) ጠርዝ፣ ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች የሚለየው ሽፋን፣ የዓይን ኳሶችና የውስጥ ጆሮ ቦይ ናቸው። መስመሩ ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው ሲሻገር ደረጃ መሥራት የለበትም።

አንድ ጊዜ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ሶፍትዌሩ ተሳክቷል ብሏል። ዓይኖቹ ገጥመዋል፣ ግንባሩም ልክ ነው። ዕጢው ግን የነበረው ከኋላ ከታች፣ ትንሹ አንጎል (ሴሬቤለም) ውስጥ ነው። ወደዚያ ወርጄ መስኮቱን ሳንሸራትት የራስ ቅሉ ጠርዝ ጥርት ያለች ደረጃ ሠራች። ስለካት 2 ሚሊሜትር ሆነች። ምክንያቱ ሳጥኑ መንጋጋውን ጨምሮ ይዞ ነበር። ታካሚው ኤምአርአዩ ላይ አገጩን ወደ ደረቱ ሰበር አድርጎታል፣ ሲቲው ላይ ደግሞ ቀና ብሏል። ሶፍትዌሩ ሁለቱንም ለማስደሰት ሲል መሃል ላይ ቆመ። ሳጥኑን አጥብቤ ድጋሚ ሳስኬደው ገጠመ። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ከዚያ ወዲህ ፊዩዥንን ዕጢው ያለበት ቦታ ላይ ሳላይ አልፈርምም።

4. መክበብ

አሁን ዕጢውንና መጠበቅ ያለባቸውን አካላት በየቁራጩ እንከብባለን። ዕጢውን የሚከብበው ወይም የሚያጸድቀው ሐኪም ነው፤ የጨረር ሕክምና ሐኪሙና የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ አብረው ቢያዩት ደግሞ ይመረጣል። የዕቅድ ባለሙያው ግን ዝም ብሎ የተሰጠውን መቀበል የለበትም። ያጠራጠረውን ይጠይቅ።

የምስሉን ብሩህነት መጀመሪያ አስተካክሉ። ያው ዕጢ ብሩህነቱ ሲጨምር ይተልቃል፣ ሲቀንስ ያንሳል። ሁለት ሰው በተለያየ ብሩህነት ከብቦ በሚሊሜትር ሲለያይ አይቻለሁ፤ ሁለቱም ልክ ነን ብለው ይከራከራሉ። ቡድኑ አንድ ቅንብር ይያዝ። በአንድ አቅጣጫ ከከበባችሁ በኋላ በሌሎቹ ሁለት አቅጣጫዎች እዩት። ከላይ ሲታይ ክብ የሆነ ነገር ከጎን ሲታይ ረጅም የደም ሥር ሆኖ ይገኛል።

ለተሰራጨ ካንሰር የሚከበበው ቀለሙን ወስዶ የበራው ክፍል ነው። በዙሪያው ያለው እብጠት አይከበብም።

ማርጅን ላይ እንቆይ። ማርጅን ማለት ለስህተት መጠባበቂያ በዕጢው ዙሪያ የሚጨመር ጠርዝ ነው። ፍሬም ሲኖር ብዙዎች ዜሮ ያደርጉታል። በማስክ ደግሞ 1 ሚሊሜትር የተለመደ ነው። «1 ሚሊሜትር ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። እናስላው። ዲያሜትሩ 15 ሚሊሜትር የሆነ ክብ ዕጢ ይዘቱ 1.77 ሲሲ ነው። ዙሪያውን 1 ሚሊሜትር ስትጨምሩበት 2.57 ሲሲ ይሆናል፤ 45 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። 2 ሚሊሜትር ብትጨምሩ 3.59 ሲሲ ይደርሳል፤ ከእጥፍ በላይ። የጨመራችሁት ሁሉ ደግሞ ጤነኛ አንጎል ነው። ስለዚህ ማርጅን የፍርሃት ማስታገሻ አይደለም። የመሣሪያችሁ ስህተት ተለክቶ የሚወሰን ነገር ነው።

የሚጠበቁት አካላት፦ የአንጎል ግንድ፣ ሁለቱ የዕይታ ነርቮች፣ የነርቮቹ መገናኛ (ካያዝም)፣ የዓይን ኳሶችና ሌንሶች፣ በውስጥ ጆሮ ያለው ኮክሊያ፣ እንዲሁም ከዕጢው የተቀረው አንጎል በሙሉ። ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ካያዝም ላይ ነው። ከፒቱታሪ (በሽታ ሳይሆን ሆርሞን አመንጪ ዕጢ) ከፍ ብሎ፣ ከፒቱታሪዋ ቀጭን ዘንግ ፊት ለፊት እንደ ኤክስ ተዘርግቷል። አንዳንዱ ሰው ሁለት ቁራጭ ላይ ነጥብ ነጥብ አድርጎ ያልፈዋል። ነርቮቹ ከዓይን ኳስ ጀምረው እስከ መገናኛው ሳይቆራረጡ መቀጠል አለባቸው። አሁን በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ራሱ የሚከብብ ሶፍትዌር አለ። ለአንጎል ግንድና ለዓይን ጥሩ ይሠራል። ካያዝሙን ግን በእጃችሁ አርሙት።

5. መጠኑን መወሰን

ትልቅ ዕጢ ትንሽ ዶዝ፣ ትንሽ ዕጢ ትልቅ ዶዝ። መጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል። ምክንያቱ ግን ዕጢው ሲተልቅ በዙሪያው ጨረር የሚያገኘው ጤነኛ አንጎልም መብዛቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ውጤቱ የታተመው አርቲኦጂ 90-05 የተባለው የአሜሪካ ጥናት ቀድሞ ጨረር በወሰዱ ታካሚዎች ላይ ይህን ፈትሾ ነበር። እስከ 20 ሚሊሜትር ለሆነ ዕጢ 24 ግሬይ፣ ከ21 እስከ 30 ሚሊሜትር 18 ግሬይ፣ ከ31 እስከ 40 ሚሊሜትር 15 ግሬይ የሚለው ልማድ የመጣው ከእሱ ነው። ትልልቆቹን ዛሬ ብዙዎች ይከፋፍላሉ፤ ለምሳሌ 27 ግሬይ በ3 ጊዜ ወይም 30 ግሬይ በ5 ጊዜ። የመስማት ነርቭ ሽዋኖማ ደግሞ በ12 ወይም በ13 ግሬይ ይበቃዋል።

የአካላቱ ገደብ በአንድ ጊዜ ሕክምና እንዲህ ነው። ለዕይታ ነርቭና ለካያዝም ከፍተኛው ነጥብ ከ8 እስከ 10 ግሬይ። ለአንጎል ግንድ 12.5 ግሬይ ገደማ። መስማት እንዲቆይ ከተፈለገ ኮክሊያው በአማካይ 4 ግሬይ አይለፍ። ለአንጎሉ ደግሞ 12 ግሬይና ከዚያ በላይ የሚያገኘው ይዘት ከ5 እስከ 10 ሲሲ እንዳይበልጥ ይሞከራል። በሙያው ቋንቋ «ቪ12» የሚሉት እሱን ነው። ከዚህ ሲያልፍ አንጎሉ በጨረር የመሞት አደጋው (ራዲዮኔክሮሲስ) ከፍ ይላል።

ለሦስትና ለአምስት ጊዜ ሕክምና ገደቦቹ ይለወጣሉ። የአንዱን ወስዶ ለሌላው መጠቀም አይን ያወጣ ስህተት ነው። ግን በድካም ሰዓት ይከሰታል። የገደብ ዝርዝሩን ሶፍትዌሩ ውስጥ በየአከፋፈሉ ለየብቻ አስቀምጡት።

6. ዕቅዱን መሥራት

እስከዚህ ያለው በደንብ ከተሠራ ይህ ክፍል ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው።

መጀመሪያ የስሌት ፍርግርጉን 1 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች አድርጉት። ነባሪው ቅንብር ብዙ ጊዜ 2.5 ሚሊሜትር ነው። በዚያ ለትንሽ ዕጢ ማስላት በጣት ወፍራም እርሳስ የዓይን ሽፋሽፍት እንደመሳል ነው። ከዚያ የስሌት ዘዴውን ምረጡ። ለጠባብ ጨረርና አየር አጠገብ ላለ ዕጢ፣ ለምሳሌ ከሳይነስ ጥግ፣ ሞንቴ ካርሎ (የጨረር ቅንጣቶችን ጉዞ አንድ በአንድ አስመስሎ የሚያሰላ ዘዴ) ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ።

በሊናክ ከሆነ ማዕከሉን (ጨረሮቹ የሚገናኙበትን ነጥብ) ዕጢው መሃል አስቀምጡ። ከሦስት እስከ አምስት ቅስት (ማሽኑ እየዞረ ጨረር የሚሰጥበት ጉዞ) ይበቃል። ሁሉም በአንድ ጠፍጣፋ ወለል ላይ እንዳይሆኑ የአልጋውን ማዕዘን ቀያይሩ። ጨረሩ ከብዙ አቅጣጫ ሲመጣ በየመንገዱ የሚቀረው ዶዝ ይቀላል። ቅስት ባበዛችሁ ቁጥር ግን ሕክምናው ይረዝማል፤ የተኛ ሰው ደግሞ ይንቀሳቀሳል። የማሽኑ ክንድ ከአልጋው ወይም ከታካሚው ጋር እንዳይጋጭም እዩ። ሶፍትዌሩ አይጋጭም ቢልም ማሽኑ ላይ በባዶ አዙሮ መሞከር ያለ ነገር ነው።

በጋማ ናይፍ ነገሩ ሌላ ነው። ዕጢውን በትንንሽ የጨረር ኳሶች ትሞሉታላችሁ። እያንዳንዱ ኳስ «ሾት» ይባላል። መሃሉን በ8 ወይም በ16፣ ጥግ ጥጉን በ4 ሚሊሜትር። ምንጮቹ በስምንት ክፍል ስለተመደቡ ወደ ዕይታ ነርቭ የሚሄደውን ክፍል መዝጋት ይቻላል። የኮባልት ጉልበት በ5.27 ዓመት በግማሽ ስለሚቀንስ ያው ዕቅድ ከዓመታት በኋላ የሚፈጀው ደቂቃ ይጨምራል።

አሁን ኦፕቲማይዘሩ። ግቦቹን ትነግሩታላችሁ፤ እሱ የጨረሩን ቅርጽና ክብደት ይፈልጋል። ጀማሪዎች እዚህ አንድ ነገር ይሳሳታሉ። የዕጢው መሃል እንዳይጋል ጣሪያ ይሰጡታል። ከተለመደው የጨረር ሕክምና የመጣ ልማድ ነው። እዚህ ግን መሃሉ ይጋል። አንድ ጨረር ከጠርዙ አካባቢ ዶዙ በፍጥነት ይወርዳል፤ በጣም ቀጥ ብሎ የሚወርድበት ቦታ ከከፍተኛው ዶዝ ግማሽ (50 በመቶ) አካባቢ ነው። የዕጢው ጠርዝ እዚያ ቁልቁለት ላይ እንዲያርፍ ከፈለጋችሁ መሃሉ ከፍ ማለቱ የግድ ነው። ለዚህ ነው ጋማ ናይፍ ብዙ ጊዜ በ50 በመቶ መስመር የሚያዘው፤ ሊናክ ደግሞ ከ70 እስከ 90 በመቶ። 20 ግሬይ በ80 በመቶ መስመር ታዘዘ ማለት መሃሉ 25 ግሬይ ያገኛል። ያ ትርፍ ያረፈው ዕጢው ላይ ነው፤ ምን ገዶን?

ቁልቁለቱን ለማሾል በዕጢው ዙሪያ ቀለበቶች ሳሉ። የመጀመሪያው ልክ ከጠርዙ ውጭ፣ ሁለተኛው ግማሽ ዶዝ እንዲደርስ በምትፈልጉበት፣ ሦስተኛው ራቅ ብሎ። ለየቀለበቱ ጣሪያ ስጡ። ግቦች አታብዙ። አሥራ አምስት ግብ የተሰጠው ኦፕቲማይዘር ሁሉንም በትንሽ በትንሹ ያሳዝናል። በሦስት አራት ጀምሩ፣ ያላረካችሁን ብቻ አጥብቁ።

በአንድ የጨረር መገናኛ ነጥብ (ማዕከል) ብዙ ዕጢ ለምትመቱ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የታካሚው ጭንቅላት በ1 ዲግሪ ቢዞር ማዕከሉ ላይ ያለው ዕጢ አይነቃነቅም። ከማዕከሉ 6 ሴንቲሜትር የራቀው ግን ከ1 ሚሊሜትር በላይ ይስታል። ማርጅናችሁ በዚህች ብቻ አለቀ። ስለዚህ ወይ ማሽከርከርን የሚያስተካክል አልጋ ይኑራችሁ፣ ወይ የራቁትን በሌላ ማዕከል ምቷቸው።

7. ዕቅዱን መመርመር

ግራፉን ከመክፈታችሁ በፊት ምስሉን ቁራጭ በቁራጭ እዩ። ይህ የእኔ ጭፍን አቋም ነው፤ ሁሉንም ተማሪዎች አሰልችቼበታለሁ። ዲቪኤች የሚባለው ግራፍ ስንት ሲሲ ስንት ዶዝ እንዳገኘ ይነግራችኋል። የት እንደሆነ ግን አይናገርም። ዕጢው 98 በመቶ ተሸፍኗል ሲላችሁ የቀረችው 2 በመቶ በሙሉ ግንዱን በሚነካው ጥግ ልትሆን ትችላለች። ወይም 12 ግሬይ ጣት መሳይ ሆኖ ወደ ንግግር አካባቢ ወጥቶ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ቁጥሮቹ። ያንን 15 ሚሊሜትር ዕጢ ከነማርጅኑ እንውሰድ፤ ዒላማው 2.57 ሲሲ ነው። የታዘዘው 20 ግሬይ መስመር በጠቅላላ 2.90 ሲሲ ይይዛል እንበል። ከዒላማው ውስጥ በዚህ መስመር የተሸፈነው 2.52 ሲሲ ነው።

ሽፋኑ 2.52 ሲካፈል ለ2.57፤ 98 በመቶ። ቁጥብነቱ 2.52 ሲካፈል ለ2.90፤ 0.87። ሁለቱ ሲባዙ 0.85 ይሆናሉ። ይህ ሜዲካል ፊዚስቱ ኢያን ፓዲክ እ.ኤ.አ. በ2000 ያቀረበው የገጠማ ቁጥር ነው። 1 ፍጹም ነው። ጥሩነቱ ሽፋኑ ጎድሎም ሆነ ጨረሩ ፈስሶ ሁለቱንም ይቀጣል። የቀድሞው ቀላል ቀመር መስመሩ የያዘውን ይዘት ለዒላማው ይዘት ከማካፈል አያልፍም። በእሱ ዕጢውን ጭራሽ የሳተ ዕቅድም ይዘቱ ከተመሳሰለ 1 ሊያወጣ ይችላል።

ቀጥሎ ቁልቁለቱ። የግማሽ ዶዙ፣ ማለትም የ10 ግሬይ መስመር የሚይዘው 9.0 ሲሲ ከሆነ ለ2.90 ስታካፍሉት 3.1 ይመጣል። 3 አካባቢ ጥሩ ነው። 5 ከሆነ አንድ ነገር ተበላሽቷል፤ ቀለበቶቹን ወይም የቅስቶቹን አቀማመጥ እዩ። በጣም ትንንሽ ዕጢዎች ላይ ግን ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ተፈጥሯዊ ስለሆነ አትደንግጡ።

አንድ አካል ከገደቡ ሲያልፍ ምን ይደረግ? ዕጢው ከዕይታ ነርቩ 1 ሚሊሜትር ላይ ከሆነ ኮምፒውተር ተአምር አይሠራም። የሚቀሩት ምርጫዎች ያንን ጥግ ማሳሳት፣ መከፋፈል፣ ወይም ዶዙን መቀነስ ናቸው። ይህ የሐኪሙ ውሳኔ ነው። የባለሙያው ድርሻ ሁለት ሦስት ዕቅድ ጎን ለጎን አስቀምጦ ዋጋቸውን ማሳየት ነው።

8. ከስክሪኑ ውጭ ማረጋገጥ

ዕቅዱ ጸደቀ። አሁንም ያለው ስሌት ብቻ ነው። ስሌቱ ደግሞ ማሽኑ ሲገዛ በተለካ መረጃ ላይ ይቆማል። እዚያ የገባ ስህተት በእያንዳንዱ ታካሚ ይደገማል።

ይህ ወሬ አይደለም። በፈረንሳይ ቱሉዝ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2007 ባለው አንድ ዓመት 145 ታካሚዎች ከታዘዘላቸው በላይ ጨረር ወሰዱ። በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛትም እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2009 በ76 ታካሚዎች ላይ ተመሳሳይ ነገር ደረሰ፤ እዚያ ትርፉ ወደ 50 በመቶ ይጠጋ ነበር። ምክንያቱ በሁለቱም ያው ነው። ጠባቡን ጨረር የለኩት ለእሱ በሚበዛ ትልቅ መለኪያ ነው። ጨረሩ 6 ሚሊሜትር ሆኖ መለኪያው ከእሱ ከሰፋ፣ ከፊሉ መለኪያ ጨረር የሌለበትን ቦታ ይለካል። አማካዩ ይወርዳል። ኮምፒውተሩም «ይህ ጨረር ደካማ ነው» ብሎ ጊዜውን ያስረዝማል። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ልክ ነበር።

ስለዚህ ጠባብ ጨረሮችን በትንሽ ዳዮድ ወይም በሰው ሠራሽ አልማዝ መለኪያ ለኩ፤ በፊልምም አመሳክሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ቁጥር 483 የአሠራር ደንብ ለዚህ የተጻፈ ነው። ከተቻለ የውጭ ቡድን መጥቶ ይለካ። የራስን ስህተት በራስ መለኪያ ማግኘት ከባድ ነው።

ለእያንዳንዱ ታካሚ ሦስት ነገር ይደረጋል። በሌላ ሶፍትዌር ዶዙ ድጋሚ ይሰላል። ዕቅዱ በፋንተም (በታካሚው ቦታ የሚቀመጥ የመለኪያ አካል) ላይ በፊልም ወይም በመለኪያ ሰሌዳ ይለካል። በሕክምናው ጠዋት ደግሞ የዊንስተን ሉትዝ ምርመራ ይሠራል፤ ትንሽ የብረት ኳስ ማዕከሉ ላይ ተቀምጣ ማሽኑና አልጋው ሲዞሩ ጨረሩ እሷ ላይ መቆየቱ ይታያል። ከ1 ሚሊሜትር ከወጣ ሕክምና አይጀመርም። በቃ። ታካሚው ልብሱን ቀይሮ ቢጠብቅም አይጀመርም።

9. የሕክምናው ቀን

ስም፣ የካርድ ቁጥርና ጎን ሁለት ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ። ግራና ቀኝ ሲገለባበጡ ኮምፒውተር አያስጥልም፤ ታካሚውን ራሱን «የትኛው ጎን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያ ማስኩን አድርጉለት፣ በማሽኑ ሲቲ አስነሱ፣ ከዕቅዱ ሲቲ ጋር በአጥንት አግጥሙ፤ ስድስቱንም አቅጣጫ (ሦስት መንቀሳቀስና ሦስት መሽከርከር) አስተካክሉ። አልጋው ከዞረ በኋላ ድጋሚ አረጋግጡ።

10. ከሕክምናው በኋላ

ዕቅዱን አትዝጉት። ምስሎቹን፣ ክበቦቹንና ዶዙን አንድ ላይ፣ ሌላ ሶፍትዌርም ሊያነበው በሚችል በዳይኮም መልክ አስቀምጡ። በየሁለት ሦስት ወሩ የሚመጣውን ኤምአርአይ ከድሮው ዕቅድ ጋር አግጥሙት።

ከዘጠኝ ወር በኋላ በነበረበት ቦታ የሚያበራና ያበጠ ነገር ሲታይ ሁሉም ይደነግጣል። ዕጢው ተመለሰ ወይስ የጨረሩ ቁስል ነው? በተራ ኤምአርአይ ብቻ መለየት ያስቸግራል። የደም ፍሰት የሚያሳይ ምስል ወይም ናሙና ሊያስፈልግ ይችላል። የመጀመሪያው እርምጃ ግን የድሮውን የ12 ግሬይ መስመር አዲሱ ምስል ላይ መዘርጋት ነው። የበራው ነገር ከመስመሩ ውጭ ከሆነ አዲስ ዕጢ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ውስጥ ከሆነ ሐኪሙ የዚያን ቀን ቪ12 ስንት እንደነበር ይጠይቃችኋል፤ ፋይሉን ከፍታችሁ ንገሩት።